ስልክ ከእጅ እጅ ሲዞር፦ የትኛውን ሴቲንግ እንምረጥ?

ደሴ፣ ሸዋ በር፣ አክስቴ ቤት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የዘመዳችንን የሠርግ ፎቶ ላሳይ ብዬ ስልኬን ለጎረቤታችን እናት አቀበልኩ። እሳቸው "ማሻአላህ!" ብለው አይተው ለቀጣዩ ሰጡ። ቀጣዩ ለልጁ። ልጁ በጣቱ ወደ ጎን ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ አደረገው። ሠርጉ አለቀና የሐኪም ቤት ወረቀቴ መጣ። ከእሱ ቀጥሎ የደመወዜ ደረሰኝ። በረካው ሳይቀዳ ቤቱ ሙሉ ሰው ስንት ብር እንደማገኝ አወቀ። አንዱ እንደውም "ይቺው ናት እንዴ?" አለኝ።

ስለ ስልክ ሚስጥር ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሩቅ ያለውን ነው። ሃከሩን፣ ጎግልን፣ ፌስቡክን። እነሱም አሉ፤ ኋላ ላይ እመጣባቸዋለሁ። እኛ ወሎ ግን ስልክ እንደ ሲኒ ይዞራል። ልጅ ጌም ይጫወትበታል። እንግዳ "አንዴ ልደውልበት" ይላል። ሱቅ ይገባና መንዙማ ይጫንበታል። ጅዳ ያለችው እህት ስትደውል ቤተሰቡ ተራ በተራ ያወራበታል። "አልሰጥም" ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እኔ ሴቲንግ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ስልክ በማን በማን እጅ ያልፋል? መልሱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሴቲንግ የለም። የተማሪው ለነጋዴው አይሆንም፣ የነጋዴው ለአክስቴ አይሆንም።

የሴቲንጎቹን ስም እንግሊዝኛው እንደሚነበበው ነው የምጽፈው። የአብዛኞቻችን ስልክ እንግሊዝኛ ላይ ነዋ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ቦታውን ትንሽ ትንሽ ይቀያይሩታል። ካጣችሁት ሴቲንግ ከፍታችሁ ከላይ ባለው መፈለጊያ ቃሉን ጻፉ።

ፓተርን፣ ፒን፣ ጣት ወይስ ፊት?

ፓስዎርድም አለ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ፊደል እየጻፈ ስልክ የሚከፍት ሰው እስካሁን አላየሁም። እንለፈው።

ፓተርን በሒሳቡ ደካማ አይደለም። በዘጠኙ ነጥቦች 389,112 ዓይነት መስመር መሥራት ይቻላል። ባለ 4 አሃዝ ፒን ያለው 10,000 ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ፓተርን አልመርጥም? ችግሩ አሣሣላችን ነው። ብዙ ሰው ከላይ ከግራ ጥግ ይጀምርና አንድ ቀላል ፊደል ይሥላል። ከጎን የተቀመጠ ሰው አንዴ ካየው አይረሳውም፤ ከቁጥር ሥዕል ይያዛል። ደግሞ ቅባት አለ። በልቶ እጁን በወጉ ሳይታጠብ ስልኩን የከፈተ ሰው ፓተርኑን መስታወቱ ላይ ጽፎት ነው የሚሄደው። አላመናችሁም? ስልካችሁን አጥፉና ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት።

ባለ 6 አሃዝ ፒን 1,000,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። የኔ ምርጫ እሱ ነው። የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥራችሁ መጨረሻ ወይም 123456 ካልሆነ ማለቴ ነው። የቴሌብር ፒንም ስድስት አሃዝ ስለሆነ ብዙ ሰው ያንኑ ይደግመዋል። አትድገሙት። ልጁ አይቶ ሊይዘው የሚችል ቁጥር ብር የሚያወጣ ቁጥር መሆን የለበትም።

ጣት የፒን ጓደኛ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ፒኑን መጠየቁ አይቀርም። የጣት ትልቁ ጥቅም በሰው ፊት ቁጥር ደጋግማችሁ እንዳትነኩ ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ እናንተ ስትተኙ ጣታችሁ አለመተኛቱ። የተኛ አባቱን አውራ ጣት ስልኩ ላይ አስነክቶ ቲክቶክ የከፈተ የስድስት ዓመት ልጅ አውቃለሁ። ሌላም አለ። በእርሻና በቤት ሥራ የሻከረ ጣት ብዙ ጊዜ አይነበብም። አክስቴ ሦስት ጊዜ ሞክራ "ይሄ ዕቃ ጠልቶኛል" ብላ ተወችው። እንደ እሷ ላለ ሰው ፒን ብቻ ይበቃል።

ፊት ላይ መለየት ያስፈልጋል። ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ፊት የሚያዩት በተራው የሰልፊ ካሜራ ነው። ፎቶ ሊያታልላቸው ይችላል፤ የሚመሳሰሉ ወንድማማቾች አንዱ የሌላውን ሊከፍት ይችላል። ሴቲንጉን ስታበሩ ስልኩ ራሱ በትንሽ ጽሑፍ ይነግራችኋል፤ ማን ያነበዋል እንጂ። የአይፎን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አይፎን ኤክስ ጀምሮ ፌስ አይዲ ያላቸው አይፎኖች ከ30,000 በላይ የማይታዩ ነጥቦች ፊት ላይ በትነው ቅርጹን ይለካሉ። አይፎን ካላችሁ ተጠቀሙበት። ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ከያዛችሁ ፊቱን አጥፉትና ጣትና ፒን ይዛችሁ ኑሩ።

ተቆልፎም የሚያወራ ስልክ

ባቲ፣ ሰኞ ገበያ። የማውቀው አንድ ነጋዴ ግመል ሊገዛ ይደራደራል። "ወላሂ ከዚህ በላይ የለኝም" እያለ ነው። ስልኩ መዳፉ ላይ ነው፣ ተቆልፏል። በዚህ መሃል ከባንክ መልእክት ገባና ስክሪኑ ቦግ አለ። የገባው ብር፣ ከሥሩ ደግሞ ቀሪ ሒሳቡ በሙሉ። ሻጩ ቁልቁል አየና ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ዋጋው አምስት ሳንቲም አልወረደም።

ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን፣ ከዚያ ሎክ ስክሪን የሚለው ውስጥ ብትገቡ ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው ሁሉንም ያሳያል፤ ስልኮች ብዙ ጊዜ ሲገዙ እዚህ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ሃይድ ሴንሲቲቭ ኮንቴንት ይባላል፤ መልእክት መምጣቱን ይነግራችኋል፣ ውስጡን ግን ስልኩ ሳይከፈት አያሳይም። ሦስተኛው ጭራሽ ምንም አያሳይም። ሦስተኛውን ሞክሬው ነበር። ሰላም አለው፤ ግን የሁለት ሰዎች መልእክት አምልጦኝ ተቀይመውኛል። ሁለተኛውን ያዙ። አይፎን ላይ ተመሳሳዩ ሾው ፕሪቪውስ ውስጥ ዌን አንሎክድ የሚለው ነው።

ይህን ቀላል ነገር አትበሉት። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ አዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ እዚያው የተቆለፈ ስክሪን ላይ ይወጣል። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ሽንት ቤት ስትሄዱ ፒናችሁን የማያውቅ ሰው ኮዱን አንብቦ አካውንታችሁን በራሱ ስልክ ሊከፍት ይችላል። ስልኩን እንኳን መንካት አያስፈልገውም።

"አንዴ ስጠኝ" ለሚል ሰው

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ አለ። ሦስቱም የየራሳቸው ሰው አላቸው።

ለልጅ፦ ስክሪን ፒኒንግ። አንዳንዱ ስልክ አፕ ፒኒንግ ይለዋል። ጌሙን ትከፍቱና ስልኩን እዚያ ላይ ትቸነክሩታላችሁ። ከጌሙ ለመውጣት ፒን ይጠይቃል። ስታበሩት አስክ ፎር ፒን የሚለውን አብራችሁ ምረጡ፤ አለዚያ ልጁ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ይወጣል። ልጆች ደግሞ ከእኛ ቀድመው ነው የሚያውቁት።

ለሚያድር እንግዳ፦ ገስት ሞድ። ስልኩ ለእንግዳው ባዶ ሆኖ ይከፈታል። የእናንተ ፎቶ የለም፣ መልእክት የለም፣ ቴሌግራም የለም። ሲጨርስ ይጠፋል። ድንቅ ነገር ነው፤ ክፋቱ ሁሉም ስልክ ላይ አለመኖሩ ነው። ሴቲንግ ውስጥ መልቲፕል ዩዘርስ ብላችሁ ፈልጉና ከሌለ እርሱት።

ለሁሉም ቀን፦ አፕ ሎክ። የመረጣችሁትን አፕ ለብቻው ይቆልፋል። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ከፋብሪካ ይዘውት ይመጣሉ። ሳምሰንግ ሴኪዩር ፎልደር የሚባል የራሱ ሣጥን አለው። ሃያውንም አፕ አትቆልፉ፤ በሦስተኛው ቀን ተማርራችሁ ሁሉንም ትከፍቱታላችሁ። ጋለሪ፣ ቴሌግራም፣ መልእክትና የባንክ አፕ ይበቃል። ቁጥሩ ደግሞ ከስልኩ ፒን የተለየ ይሁን፤ ፒኑንማ ልጁ አይቶት ይሆናል። አንድ አደራ፦ ስልካችሁ ይህ ከሌለው ማስታወቂያ የሞላበት አፕ ሎክ ከፕሌይ ስቶር አውርዳችሁ አታስገቡ። እንዲህ ያሉ አፖች ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ሁሉ የማየት ፈቃድ የሚጠይቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ለበር ቁልፍ ብሎ ሌባ መቅጠር ይሆንባችኋል።

ፎቶ ለማሳየት ግን ከሦስቱ አንዱም አያድንም። ጋለሪው አንዴ ከተከፈተ ጣት ይገፋዋል። እኔ የመረጥኩት ሎክድ ፎልደርን ነው። ጎግል ፎቶስ ውስጥ አለ። መታወቂያ፣ ደረሰኝ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ሌላም ሌላም እዚያ ይገባና ከተራው ጋለሪ ይጠፋል። ያለ ፒን ወይም ያለ ጣት አይከፈትም። የሰረዛችኋቸው ፎቶዎችም ወዲያው አይሞቱም፤ ሳምሰንግና አይፎን ላይ ለ30 ቀን መጣያው ውስጥ ይቆያሉ። የምር የምትደብቁት ነገር ከሆነ መጣያውንም ባዶ አድርጉት።

ሲሙን ማን ይቆልፈዋል?

ስልኩን በስድስት አሃዝ ቆለፋችሁ እንበል። ሌባው ምን ያደርጋል? ሲሙን በመርፌ ያወጣና ሌላ ስልክ ውስጥ ያስገባል። አሁን ቁጥራችሁ የእሱ ነው። ቴሌግራም ኮድ ሲልክ ለእሱ ይደርሳል። የስልካችሁ ፒን እዚህ ውስጥ የለበትም።

መከላከያው ሁለት ነው፤ ሰውም የሚያምታታቸው እነዚህን ነው። አንደኛው ሲም ካርድ ሎክ ነው። ሲሙ ማንኛውም ስልክ ውስጥ ሲገባ የራሱን ፒን ይጠይቃል። ሁለተኛው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ነው። ይሄ ሲሙ ላይ ሳይሆን አፑ ላይ ነው ያለው። ኮዱ ቢደርሰው እንኳን ሌባው ሌላ የሚስጥር ቃል ይጠየቃል። ዋትስአፕ ስድስት አሃዝ ያስመርጣችኋል፣ ቴሌግራም የፈለጋችሁትን ቃል።

ሁለተኛውን ማንም ሰው ያብራ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስቸግረው አልፎ አልፎ ነው። ቴሌግራም ሲያስሞላችሁ ኢሜይል ይጠይቃል፤ የምትከፍቱትን ኢሜይል ስጡት፣ ቃሉን ስትረሱ የምትመለሱት በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ግን ዋጋ አለው። ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ሁለት ቁጥር ማስገባት ነው። መብራት ጠፍቶ ባትሪ በሚሞትበት ሰፈር ይሄ ያሰለቻል። ፒኑን ሦስት ጊዜ ከሳታችሁ ሲሙ ይዘጋና ፑክ የሚባል ስምንት አሃዝ ይጠይቃል። ፑኩን አሥር ጊዜ ከሳታችሁት ሲሙ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ በግምት አትጀምሩት። ሲሙ ሲገዛ የተሰካበትን የፕላስቲክ ካርድ ፈልጉ፤ ቁጥሮቹ እዚያ ላይ ናቸው። ካርዱን ከጣላችሁ ሲሙን ወደሰጣችሁ ቴሌኮም ጎራ በሉ። ነጋዴ ከሆናችሁ፣ በስልካችሁ ብር የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ መሰልቸቱን ቻሉትና ቆልፉት። ለአክስቴ ግን አላበራሁላትም። ሲሙ የተዘጋባት ቀን ልጇ ከጅዳ ደውላ ካጣቻት ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል።

ሽንኩርት ቆቦ ማነው?

አክስቴ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። "አንተዬ፣ ይሄ 'ሽንኩርት ቆቦ' የሚለው ማነው?" አለችኝ። ማውጫዋን ከፈትኩት። ሽንኩርት ቆቦ አለ። ጎማ ሐርቡ አለ። ባጃጅ ኮምቦልቻ 2 አለ። አክስቴ ሽንኩርት የምትገዛው ከሰፈር ነው፣ ጎማ የሚባል ነገር የላትም። እሷ እንደሆነች ለአንዱ ደውላ ሰላም ብላዋለች። ሰውየውም በወጉ ሰላም ብሏታል። ቤተሰብ ጠይቀዋል፣ ተመራርቀዋል፣ ተለያይተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩን የሸጠላት ሱቅ ፕሌይ ስቶር እንዲከፍትላት በራሱ ጂሜይል አስገብቶላታል። ያንኑ ጂሜይል ለሌላ ደንበኛም፣ ለሌላም ተጠቅሞበታል። ማውጫ ከጎግል ጋር ሲንክ ስለሚያደርግ፣ ማለትም ቁጥሩ ወደ ጂሜይሉ ስለሚገለበጥ፣ የሁሉም ቁጥር አንድ ቋት ውስጥ ገባ። ሽንኩርት ነጋዴው የአክስቴን ልጅ የጅዳ ቁጥር ይዟል ማለት ነው። ባለሱቁ ደግሞ የሁሉንም። ፎቶ ባክአፕ በርቶ ቢሆን ፎቶውም አብሮ ይሄድ ነበር።

አሁኑኑ እዩት። ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ ጎግል። የሚታየው ኢሜይል የእናንተ ነው? ፓስዎርዱን ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁት ምርጫችሁ ሦስት ነው።

የዚያኑ ጂሜይል ፓስዎርድ መቀየር ይቻላል፣ ባለሱቁ ለእናንተ ብቻ የከፈተው ከሆነ። ከሱቁ ሳትወጡ ወይም ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ፓስዎርዱን ተቀበሉና ቀይሩ። ማገገሚያ የሚባለው ስልክ ቁጥርና ኢሜይልም የእናንተ ይሁን። ብዙ ሰው ፓስዎርዱን ይቀይርና ይህን ይረሳል። ያኔ ባለሱቁ በሁለት ደቂቃ መመለስ ይችላል።

አዲስ ጂሜይል መክፈት ሁለተኛው ነው። ብዙ ደንበኛ የተጋራው ከሆነ ያለው መንገድ እሱ ብቻ ነው። ለአክስቴ ያደረግኩትም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የራሷን ቁጥሮች ለይቼ ወደ አዲሱ አዛወርኩ። ቀጥሎ የድሮውን አካውንት ከስልኩ አወጣሁ። ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። አካውንቱን ሳታወጡ ስልኩን ፋክተሪ ሪሴት ካደረጋችሁት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ካስነሳችሁት፣ የድሮውን ጂሜይል ፓስዎርድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ካላወቃችሁት ስልኩ ጡብ ነው።

ያለ ጂሜይል መኖር ሦስተኛው ነው። ይቻላል። ፕሌይ ስቶር ግን የለም፤ አፕ ከሰው በቴሌግራም ወይም በዜንደር መቀበል ትጀምራላችሁ። አስመሳይ የባንክ አፕ የሚዞረው እንዲሁ ነው። ይህን አልመክርም።

የት እናስቀምጥ የሚለውም እዚሁ ይነሳል። ሲም ላይ የተቀመጠ ቁጥር ለማንም ኩባንያ አይሄድም፤ ግን አብዛኛው ሲም የሚይዘው 250 አካባቢ ነው፣ ሲሙ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ስልኩ ላይ የተቀመጠ ስልኩ ሲሰበር ያልቃል። ጎግል ላይ ያለው አዲስ ስልክ ስትገዙ ተመልሶ ይመጣል። በራሳችሁ ጂሜይል እስከሆነ ድረስ እኔ ጎግልን እመርጣለሁ። አገራችን አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016። አዋጁ መኖሩ ጥሩ ነው። የአክስቴን ማውጫ ያጸዳሁት ግን ቁጭ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ ነው።

ሱቅ ካነሳን ሚሞሪ ካርዱንም ላንሳ። ዘፈን ወይም መንዙማ ለማስጫን ሚሞሪውን አውጥታችሁ ስትሰጡ የስልካችሁ ፒን አብሮ አይሄድም። ካሜራችሁ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሚሞሪ ላይ ከሆነ ፎቶው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይከፈታል። የካሜራውን ሴቲንግ ክፈቱና ስቶሬጅ የሚለውን ወደ ስልኩ ቀይሩት። ሚሞሪው ለዘፈን፣ ስልኩ ለፎቶ። ወይም ሁለት ሚሞሪ ያዙ።

ፈቃድ የሚጠይቁ አፖች

የባትሪ መብራት አፕ ማውጫህን ልይ ሲል ሰምታችኋል? እኔ አይቻለሁ። "አላው" የሚለውን ሳናነብ መጫን ልማድ ሆኖብናል።

ያላችሁበትን ቦታ በተመለከተ ምርጫው አራት ነው፦ ሁልጊዜ፣ አፑ ሲከፈት ብቻ፣ ለአሁኑ ብቻ፣ አይሆንም። አፑ ሲከፈት ብቻ የሚለው ከአንድሮይድ 10፣ ለአሁኑ ብቻ የሚለው ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ነው የመጣው። አንድሮይድ 12 ላይ ደግሞ ፕሪሳይስ የሚል ማብሪያና ማጥፊያ ተጨመረ፤ ሲጠፋ አፑ ሰፈራችሁን በግምት ያውቃል እንጂ በራችሁን አያውቅም። ካርታ ስትጠቀሙ ትክክለኛው ያስፈልጋል። የአየር ጠባይ አፕ ግን ጦሳ ላይ ደመና መኖሩን ለመናገር ቤታችሁን ማወቅ አያስፈልገውም። ሁልጊዜ የሚለውን የምሰጠው የጠፋ ስልክ ለሚፈልገው ለጎግሉ አገልግሎት ብቻ ነው። ለሌላ ለማንም።

ማይክና ካሜራ ሲሠሩ ከስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ማለት ነው። አይፎን ላይ ካሜራው አረንጓዴ፣ ማይኩ ብርቱካናማ ነው። ሳትደውሉ፣ ሳትቀዱ ነጥቡ ከበራ ከላይ ወደ ታች ስባችሁ ንኩት፤ የትኛው አፕ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ኪቦርድም አለ። አማርኛ ለመጻፍ ያገኘነውን እንጭናለን። ኪቦርድ ግን የምትጽፉትን ሁሉ፣ ፓስዎርዱንም ጭምር፣ ያያል። ስልኩም ስታስገቡት ያስጠነቅቃል። የጎግሉ ኪቦርድ ጂቦርድ አማርኛ አለው፤ ብዙ ስልክ ላይም ተጭኖ ይመጣል። ጎግል ነውና እሱንስ ምን አመነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ስልኩ ቀድሞም የጎግል ነው፤ ሌላ የማይታወቅ ሁለተኛ ሰው ለምን ትጨምራላችሁ?

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ

ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መልሱ የምትደብቁት ምንድነው በሚለው ላይ ነው።

ዋትስአፕ ውስጥ የምትጻጻፉት በላኪና በተቀባይ መካከል ይመሰጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኩባንያው ራሱ መልእክቱን አያነብም። ግሩፕ ስትገቡ ግን ቁጥራችሁ ለአባላቱ ይታያል። ቴሌግራም ተቃራኒ ነው። ቁጥራችሁን መደበቅ ትችላላችሁ፣ ተራው ወሬ ግን የቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከላኪ ወደ ተቀባይ ብቻ የሚመሰጠረው ሲክሬት ቻት የሚባለው ነው፤ እሱን ደግሞ ራሳችሁ ካልከፈታችሁት አይመጣም።

ስለዚህ ሺህ ሰው ያለበት የሥራ ወይም የሽያጭ ግሩፕ ውስጥ ከገባችሁ፣ በተለይ ሴት ከሆናችሁ፣ ቴሌግራም ይሻላል። ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ ፎን ነምበር የሚለውን ኖባዲ አድርጉ። ከሥሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚል ይመጣል፤ ማይ ኮንታክትስ በሉት። ግሩፕስ የሚለውንም ማይ ኮንታክትስ። ያኔ የማታውቁት ሰው የብር ማባዣ ግሩፕ ውስጥ እየጎተተ አያስገባችሁም። የፓስፖርት ፎቶ፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ የጤና ነገር ከሆነ ግን ዋትስአፕ። በ24 ሰዓት፣ በ7 ቀን ወይም በ90 ቀን የሚጠፋ መልእክትም አለው። ባክአፑን በተመለከተ ኢንድ ቱ ኢንድ ኢንክሪፕትድ ባክአፕ የሚለውን አብሩ፤ ካልበራ ጎግል ድራይቭ ላይ የሚቀመጠው ያን ያህል የተዘጋ አይደለም።

ኢሞን ከወሎ ማን ያስወጣዋል? አረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ሁሉ አለ። ኔትወርክ ሲደክምም ድምፅ ያደርሳል ይሉታል። ለጥሪ ይኑር። መታወቂያና ደረሰኝ ግን አትላኩበት። ቦታና ፎቶ ሲጠይቅም አይሆንም በሉት፤ ለመደወል ማይክና ካሜራ ይበቃዋል።

ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ በወር አንዴ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ። ዋትስአፕ ሊንክድ ዲቫይስስ ይለዋል። አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይዘረዝራል። የማታውቁት ካለ አስወጡት። አንድ ወዳጄ ከሁለት ዓመት በፊት የተጠቀመበት የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር እስካሁን እንደተከፈተ አገኘው።

ሩቅ ያሉት

ቃል ስለገባሁ ነው እንጂ ይሄኛው አጭር ነው። ማስታወቂያ እንዳይከታተላችሁ ሴቲንግ፣ ጎግል፣ አድስ ውስጥ ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ የሚለውን ንኩ። አይፎን ላይ ትራኪንግ የሚለውን አጥፉ። የሚጎድላችሁ ነገር የለም፤ ማስታወቂያው እንደሆነ አይቀርም።

ቪፒኤን ግን ሁለት ቃል ይፈልጋል። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን እምቢ ባሉ ጊዜ ሰው ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጫነ። ብዙ ስልክ ላይ እስካሁን አለ። ቪፒኤን ማለት መንገዳችሁን ከቴሌ ወስዶ ለባለቪፒኤኑ መስጠት ነው። የትኛውን ገጽ እንደከፈታችሁ ያኛው ባያይ ይሄኛው ያያል። ነፃ ከሆነና ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነ አውጡት። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ ስሙ የታወቀውን አንዱን ብቻ ያዙና ስትጨርሱ አጥፉት። የባንክ አፕ ስትከፍቱ በተለይ።

ባለፈው እሑድ እንደገና አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። እነዚያው ጎረቤት፣ ያው ልጅ። የሠርጉን ፎቶ ከፍቼ አቀበልኩ። ዞሮ ዞሮ ልጁ ጋ ደረሰ። ገፋ አደረገ፣ ሌላ የሠርግ ፎቶ። ገፋ አደረገ፣ ሙሽሪት ከእናቷ ጋር። ገፋ አደረገ፣ የሐይቅ ጀልባ። እስከ መጨረሻው ሄደና ስልኩን መለሰልኝ።

"ያ ወረቀትስ?" አለኝ።